ዓይናማ የተባለው ዓይነ ስውር
በምዕራብ ጎጃም የቅኔ ቤቶች ስለ አካል ጉዳተኞች ታሪክ

በቤተ ክህነት ሰዎች አነጋገር «ዓይናማ» ማለት ዓይን ያለው ማለት ብቻ አይደለም። መጽሐፍን ጠልቆ የመረመረ፣ ምሥጢር የማያመልጠው ሊቅ ዓይናማ ይባላል። ከዚህም የበለጠ ማዕርግ አለ፤ ብሉይን፣ ሐዲስን፣ ሊቃውንትንና መነኮሳትን አራቱን ጉባኤ ጠንቅቆ ያስኬደ መምህር «አራት ዓይና» ይባላል። ታዲያ እነዚህን ስሞች ለማግኘት የሚጠየቀው ትምህርት እንጂ የዓይን ብርሃን ስላልሆነ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ፀሐይን ያላየ ሰው ዓይናማ ተብሎ ሊጠራ ይችላል፤ የሚሰማውም ሁሉ ነገሩን እንደ ቀልድ አይቈጥረውም። እኛ ይህን ጥናት ለመጻፍ የተነሣነው ከዚህ ቃል ነው።

እንደሚታወቀው ስለ አካል ጉዳተኞች የሚጻፍ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው ከሆስፒታል፣ ከሚሲዮንና ከመንግሥት ድንጋጌ ነው። በአገራችንም ይህ የታሪክ ክፍል የራሱ ቅደም ተከተል አለው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት በሰበታ መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ተቋቋመ፤ እ.ኤ.አ. በ1960 የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበር ተመሠረተ፤ እ.ኤ.አ. በ1971 በትእዛዝ ቁጥር 70 አካል ጉዳተኞችን የሚያቋቁም መሥሪያ ቤት ተደራጀ፤ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676 አጸደቀች። እነዚህ ሁሉ ታላላቅ ነገሮች ናቸው። ነገር ግን በዚህ መንገድ የተጻፈ ታሪክ አካል ጉዳተኛውን የሚያሳየን ሲረዳ፣ ሲታከምና ሲቋቋም ብቻ ነው፤ እርሱ ራሱ ምን እንደ ሠራ አይነግረንም። በምዕራብ ጎጃም ግን ሥራው ራሱ ይገኛል፤ የሚገኘውም በመዝገብ ቤት ሳይሆን በቅኔ ቤት ነው።

አገሩን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት እንበል። ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አውራ ጎዳና ደምበጫን አልፎ ፍኖተ ሰላም ይደርሳል፤ ከዚያም ማንኩሳን አቋርጦ ቡሬ ይገባል፤ በቡሬም አንደኛው መንገድ ተገንጥሎ ዓባይን በመሻገር ወደ ነቀምት ይወርዳል። ማንኩሳን ብዙዎቻችን ገና ሳናያት የምናውቃት በ1958 ዓ.ም. ከታተመው ከሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ከፍኖተ ሰላም በስተ ሰሜን ወደ ደጋው ሲወጣ የቋሪት አገር ይገኛል፤ የዋሸራ ማርያም የቅኔ ጉባኤም ያለው በዚያ ነው። በኢትዮጵያ የቅኔ ትምህርት የታወቁት ቤቶች ሦስት ናቸው፤ ዋድላ፣ ጎንጅና ዋሸራ። ከሦስቱ ሁለቱ የጎጃም መሆናቸውን ጎጃሜዎች ሳይጠየቁ ይናገራሉ፤ እኛም ተጠይቀን ሳይሆን ተናገርን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። አንድ ዓይነ ስውር ልጅ በገበሬ ቤት ቢወለድ ምን ይሆናል? በሬ ጠምዶ አያርስም፣ ከብት አያግድም። «ዕውር ቢሸፍት ከጓሮ አያልፍም» የሚለው ተረት የሕዝቡን ግምት በግልጽ ያሳያል። ሆኖም ይህን ተረት የሚተርተው ገበሬ ራሱ ልጁን እጁን ይዞ ወደ የኔታ ይወስደዋል። ይህን የሚያደርገው ከቅድስና ምኞት ብቻ አይደለም፤ በአካባቢው ካሉት ሥራዎች ሁሉ ዓይን የማይጠይቀው ትምህርት ብቻ መሆኑን ስለሚያውቅ ነው።

የቅኔ ቤት ለምን ዓይን እንደማይጠይቅ ለመረዳት የትምህርቱን አካሄድ መመልከት ይገባል። ከፊደልና ከዳዊት ንባብ ጎን ለጎን «የቃል ትምህርት» የሚባል አለ፤ ውዳሴ ማርያምንና የመሳሰለውን ተማሪው ያለ መጽሐፍ ከመምህሩ አፍ እየተቀበለ ያጠናል። ይህም የሚሆነው በማታ፣ ከእራት በኋላ፣ አብዛኛውን ጊዜ ያለ መብራት ስለሆነ፣ በዚያ ሰዓት በጎጆው ውስጥ ካሉት ልጆች የሚያየውና የማያየው አይለይም። ወደ ቅኔ ሲገባም ግሱና ርባ ቅምሩ በጆሮ የሚያዝ ነው። የኔታ የዕለቱን ቅኔ ይዘርፋሉ፤ ሰሙን ከወርቁ ለይተው መንገዱን ያሳያሉ። ከዚያ ተማሪው ለ«ቆጠራ» ይበተናል። ቆጠራ ማለት ብቻውን ሆኖ የራሱን ቅኔ ማሰብ ነው፤ አንዱ ከቍጥቋጦ ሥር፣ አንዱ ከድንጋይ ላይ፣ አንዱ ከመቃብር አጠገብ ይቀመጣል። እዚህ ላይ የማያልፍ ነገር አለ። ብዙው ተማሪ በዚህ ጊዜ ለምዱን ወይም ጋቢውን ከራሱ ላይ ጥሎ ዓይኑን ይሸፍናል። የሚያየው ነገር ሐሳቡን ይበትንበታልና ሆን ብሎ ራሱን ያጨልማል። ዓይነ ስውሩ ባልንጀራው ግን ይህን መሸፈኛ አያሻውም።

ከቆጠራ በኋላ «ነገራ» ይመጣል። ተማሪው ያሰበውን ለመምህሩ ወይም ለአስነጋሪው ቃል በቃል ይናገራል፤ አስነጋሪውም እየሰማ ቤቱ የሰበረውን፣ ምሥጢሩ የሳሳውን ያርማል። ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ተጀምሮ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ድረስ ትምህርቱ ደረጃ በደረጃ ያድጋል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ብዕርና ብራና አይነካም። ትናንት የተነገረ ቅኔ ዛሬ አይደገምም፤ ለየቀኑ አዲስ ነው። ስለዚህ ዓይነ ስውሩ ተማሪ ከሌላው እኩል የሚጀምር ብቻ ሳይሆን፣ ማስታወስን የኑሮው መሣሪያ አድርጎ ስላደገ አንዳንድ ጊዜ ቀድሞ ይገኛል። በትርጓሜ ጉባኤም ቢሆን አንድ ተማሪ መጽሐፉን ይዞ ያነባል፤ መምህሩ ግን በቃላቸው ይተረጕማሉ። የሚያነቡት በተማሪ ዓይን ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ሌላም ምክንያት አለ፤ ይኸውም ከቀኖና የመጣ ነው። ከሐዋርያት ቀኖናት አንዱ፣ አንድ ዓይኑ የጠፋ ወይም አንካሳ የሆነ ሰው የተገባው ከሆነ ኤጲስ ቆጶስ ሊሆን ይችላል፣ የአካል ጉድለት ሰውን አያረክሰውምና ይላል። ተከታዩ ግን ደንቆሮና ዕውር የሆነ አይሾም ይላል፤ ምክንያቱንም ሲሰጥ የረከሰ ስለሆነ ሳይሆን የቤተ ክርስቲያኑ ሥራ እንዳይታጐል ነው ይላል። በዚህ ሥርዓት መሠረት ዓይነ ስውሩ ከመቅደሱ ሥራ ይቀራል። ስለሆነም ኃይሉ ሁሉ ወደ ማኅሌቱና ወደ ጉባኤው ይሄዳል። በአንድ በር የተዘጋበት ሰው በሌላው በር መግባቱ የተለመደ ነው፤ በጎጃም ግን ሌላው በር ከመጀመሪያው ያነሰ አልነበረም። ቄሱ ቅዳሴውን ከመጽሐፍ ሲቀድስ፣ መምህሩ ከልቡ ያመነጫል፤ በአገሩ አስተያየትም የትኛው እንደሚበልጥ አከራካሪ ነው።

በስም ከሚታወቁት ሁለት ሰዎችን እናንሣ።

የመጀመሪያዋ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ናቸው። በጎጃም ጽላሎ የቅኔ መምህር ልጅ ሆነው ተወለዱ፤ በልጅነታቸው የዓይናቸውን ብርሃን አጡ። ቅኔን የተማሩት ከአባታቸው ነው። ቅኔ ቤት የወንዶች ስፍራ መሆኑን ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም፤ ሴት ልጅ አኩፋዳ አንግታ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለች ከአገር አገር ዞራ የመማር ልማድ የላትም። እማሆይ ገላነሽ ግን ከተማሪነት አልፈው መምህርት ሆኑ፤ ወንዶች ተማሪዎች ከእግራቸው ሥር ተቀምጠው ቅኔ ተነገሩላቸው። እኛ ይህን ታሪክ ስንመለከት የሚያስደንቀን የዓይናቸው መጥፋት አይደለም፤ በዚያ ቤት ዓይን አይጠየቅምና። የሚያስደንቀው ሴትነታቸው ያቆመባቸውን አጥር ማለፋቸው ነው። የመምህር ልጅ ባይሆኑ ኖሮ ያልፉት ነበር ወይ ብሎ መጠየቅም ይገባል። ስለ እርሳቸው የሚናገሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ ሁለቱን ነገር አንድ ላይ አጣምረው «ዓይነ ስውርም፣ ሴትም ሆነው» ይላሉ። እኛ ግን ሁለቱ በአንድ ሚዛን መመዘን የለባቸውም እንላለን። አንዱን መሰናክል ቤቱ ራሱ አያውቀውም ነበር፤ ሌላውን ያቆመው ራሱ ቤቱ ነው።

ሁለተኛው ሊቀ ሊቃውንት አያሌው ታምሩ ናቸው። በ1915 ዓ.ም. በጎጃም ተወለዱ፤ እርሳቸውም በልጅነታቸው ማየት ተሳናቸው። በቤተ ክህነት ትምህርት አድገው በመጨረሻ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የሊቃውንት ጉባኤ ሰብሳቢ እስከ መሆን ደረሱ፤ «መች ተለመደና ከተኩላ ዝምድና» የተባለውን መጽሐፍና ሌሎችንም ደረሱ፤ በ1999 ዓ.ም. አረፉ። ደጋፊም ተቃዋሚም የነበራቸው ሰው ናቸው። ለጥናታችን የሚጠቅመው ይህ ነው፤ የተከራከሯቸው ሰዎች የተከራከሯቸው በነገራቸው ነው። አንድ ሰው በሐሳቡ ምክንያት ጠላት ሲያፈራ እንደ ሰው ተቈጥሯል ማለት ነው፤ ለሚታዘንለት ሰው ማንም ክርክር አያነሣበትም።

ለማነጻጸር ያህል ወደ ውጭ አገር እንመልከት። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዲዲሞስ የተባለው ዓይነ ስውር የእስክንድርያን የትምህርተ ሃይማኖት ቤት መርቷል። በጃፓን ቢዋ የተባለውን ባለ አውታር መሣሪያ እየመቱ የጦርነት ታሪክ የሚተርኩ ዓይነ ስውራን የራሳቸው ማኅበር ነበራቸው፤ ማኅበሩም እ.ኤ.አ. በ1871 በመንግሥት ፈረሰ። በዩክሬንም ኮብዛር የሚባሉ ዓይነ ስውራን ዘማሪዎች ነበሩ። በፓሪስ ቫለንቲን አዊ እ.ኤ.አ. በ1784 የከፈተው ትምህርት ቤት ለዓይነ ስውራን ተብሎ የታነጸ ነው፤ ሉዊ ብራይል በስሙ የሚጠራውን ጽሕፈት ያወጣውም በዚያ ተምሮ ነው። የጎጃሙ ቅኔ ቤት ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። ለዓይነ ስውራን የተሠራ አይደለም፤ የእነርሱ ብቻ የሆነ ማኅበርም የለውም። ዓይነ ስውሩ ለብቻው አልተለየም፤ ከሌላው ተማሪ ጋር አንድ ጎጆ ያድራል፣ አንድ ቍራሽ ይበላል፣ ለልመና ሲወጣ ትንሹ ተማሪ የዘንጉን ጫፍ ይዞ ይመራዋል፣ ውሻ ሲመጣ ሁለቱም ይሮጣሉ።

ይህን ያህል ካመሰገንን በኋላ የጎደለውንም መናገር የተማሪ ግዴታ ነው። የጆሮ ቤት ለማይሰማ ሰው ዝግ ነው። ለዚህም ምስክሩ ቋንቋችን ነው። «ደንቆሮ» የሚለው ቃል ጆሮው የማይሰማ ማለት ሲሆን፣ ያልተማረ ማለትም ሆነ። ትምህርት ሁሉ በጆሮ በሚገባበት አገር የማይሰማው ሰው መሃይም ሆኖ ቀረ፤ ከዚያም ስሙ ለመሃይም ሁሉ ስድብ ሆነ። «ደንቆሮ የሰማ ዕለት ያብዳል» የሚለውን ተረት የምንስቅበት ሳናስብ ነው። እንግዲህ ያው አንድ ትምህርት ቤት ለማያየው ሰው «ዓይናማ» የሚል ማዕርግ ሲያወርስ፣ ለማይሰማው ደግሞ ስሙን ስድብ አድርጎበታል። መስማት ለተሳናቸው በሩ የተከፈተው ዘግይቶ፣ በ1950ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ በሚሲዮኖች ትምህርት ቤት ነው፤ በኋላም የምልክት ቋንቋ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ደረጃ የሚሰጥ ትምህርት ለመሆን በቃ።

ስለ ሥጋ ደዌም ዝም ብለን ማለፍ አንችልም፤ ምክንያቱም ከእርሱ ጋር የተያያዘ ሌላ የጥበብ ሥራ በዚሁ ገጠር ይሰማል። ሌሊቱ ሳይነጋ ከደጅ ቆመው በዜማ የሚለምኑትን ላሊበላዎች፣ በአንዳንድ ስፍራም ሐሚና የሚባሉትን፣ የማያውቅ የለም። ባልና ሚስት ሆነው ይመጣሉ፤ ፊታቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ፤ የባለቤቱን ስም አስቀድመው ከጎረቤት ጠይቀው ከግጥማቸው ውስጥ ያስገቡታል፤ የተሰጣቸውን ተቀብለው መርቀው ፀሐይ ሳይወጣ ይሄዳሉ። ይህን ካላደረግን ደዌው ይወጣብናል ብለው ያምናሉ። አንድ ሙሉ የዘፈን ሙያ ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፈው በዚህ ፍርሃት ነው። የኖርዌዩ ሐኪም ሐንሰን ደዌውን የሚያመጣውን ተሕዋስ እ.ኤ.አ. በ1873 አገኘ፤ ዛሬ በተዋሐዱ መድኃኒቶች የሚድን በሽታ ነው። ስለዚህ ፍርሃቱ መሠረት የለውም፤ ዜማው ግን አለ። ላሊበላዎቹ አብዛኞቹ ጤነኞች ስለሆኑ የአካል ጉዳተኞች ታሪክ አካል አይደሉም የሚል ወገን በመካከላችን ነበረ። ብዙዎቻችን ግን ሕዝቡ አካል ጉዳትን ምን ያህል ይፈራው እንደነበረ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም ብለን አስገባናቸው። ከቅኔ ቤቱ ጋር ሲተያይም ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ በአንዱ ዘንድ ጉዳቱ አይነሣም፣ በሌላው ዘንድ ከጉዳቱ በቀር የሚነሣ ነገር የለም።

የዓይን መጥፋት ምክንያቱ ምን እንደነበረም በአጭሩ እንጥቀስ። በቀደመው ዘመን ፈንጣጣ ብዙ ልጆችን አሳውሯል፤ በኢትዮጵያ ፈንጣጣን የማጥፋቱ ዘመቻ እ.ኤ.አ. በ1971 ተጀምሮ እ.ኤ.አ. በ1976 የመጨረሻው በሽተኛ ተገኘ። የዓይን ማዝና ሞራ ግን ቀሩ። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው ጥናት ከመቶ 1.6 የሚሆነው ሕዝብ ዓይነ ስውር ሆኖ ተገኝቷል፤ ከዚህም ግማሽ ያህሉ በሞራ ምክንያት ነው፣ ከመቶ 11.5 የሚሆነው ደግሞ በማዝ። ሞራ በቀዶ ሕክምና ይገለጣል፤ ማዝም ፊትን በመታጠብና በመድኃኒት ይከላከሉታል። የዓይነ ስውራን ሊቃውንት ታሪክ እንዲቀጥል ብሎ ዓይነ ስውርነት እንዲቀጥል የሚመኝ የለም፤ ይህን የምንለው አንድ የክፍል ጓደኛችን «በሽታው ሲጠፋ ሊቁም ይጠፋል» ብሎ ስለ ተከራከረን ነው። ሊቁን የሠራው በሽታው ሳይሆን ጉባኤው መሆኑን ከላይ አሳይተናል ብለን እናምናለን።

የሚያሳስበን ሌላ ነው። ቅኔ አንድ ጊዜ ተነግሮ የሚያልፍ ነው። በበዓል ቀን በማኅሌት ሲዘረፍ ጉባኤው «ይበል!» ይላል፤ ያማረው ከአፍ ወደ አፍ ይተላለፋል፤ ሲተላለፍ ግን ቅኔው ከባለቤቱ ስም ይለያያል። የጎንጁ ተዋነይ ስሙ እስከ ዛሬ ሲጠራ፣ ከእርሱ በኋላ የመጡት የብዙዎቹ ስም የቀረው በተማሪዎቻቸው አንደበት ብቻ ነው። ተማሪዎቹም አርጅተዋል። ወጣቱ ወደ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ስለሄደ የቅኔ ቤት ጎጆዎች እንደ ድሮው አይሞሉም፤ ዓይነ ስውሩም ልጅ ዛሬ ብራይል ያለበትን ትምህርት ቤት ይመርጣል፤ መምረጡም ተገቢ ነው።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1992 የአካል ጉዳተኞችን ቀን ታኅሣሥ 3 እንዲከበር ወስኗል። ይህ ቀን በእኛ አቈጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ኅዳር 24 ይውላል። ኅዳር 24 ደግሞ የሃያ አራቱ ካህናተ ሰማይ በዓል ነው። በከተማ አዳራሽ ንግግር ሲደረግና ሰሌዳ ሲሰቀል፣ በዚያው ሌሊት በአንዳንድ አድባራት ማኅሌት ቆሞ ቅኔ ይዘረፋል። ሁለቱ ጉባኤዎች አንዱ የሌላውን መኖር ሳያውቁ ይለያያሉ። እኛ ለኮሌጃችን የታሪክ ማኅበር ያቀረብነው ሐሳብ፣ በዚያ ቀን ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ አካባቢ የቅኔ መምህራን ተጋብዘው፣ በቅኔ ቤቱ ሥርዓት ጉባኤ እንዲቆም ነው። ዓይነ ስውሩም የሚያየውም በተራው ይንገር፤ ሰሚው ሰምና ወርቁን ይፍታ፤ የተነገረውም በድምፅ ይቀረጽ። መስማት የተሳናቸው ተማሪዎችም ከአሁን በፊት ያልገቡበትን ቤት እንዲያዩ፣ የቅኔው ትርጓሜ በምልክት ቋንቋ ይሰጥ። ሰምና ወርቅ በእጅ እንዴት እንደሚነገር ከመካከላችን የሚያውቅ የለም፤ ለማየት ግን ጓጉተናል።

ለዚሁ ሥራ መመዝገቢያ አዘጋጅተናል። በቅድሚያ ቅኔው፣ ቀጥሎ የባለቅኔው ስም፣ የተማሩበት ቤት፣ የመምህራቸው ስምና ያስተማሩበት ደብር ይጻፋል። «ዓይናቸው የጠፋበት ምክንያት» የሚለው ዓምድ ይግባ አይግባ በሚለው ላይ አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ተከራክረናል። ካልተጻፈ ታሪኩ ይጠፋል የሚሉ ነበሩ፤ ከተጻፈ ሌላውን ሁሉ ይሸፍነዋል የሚሉም ነበሩ። በመጨረሻ እንዲገባ ተስማማን፤ ቦታው ግን ከሁሉ ኋላ፣ ባለቅኔው ራሳቸው ወይም ቤተ ሰባቸው ከፈቀዱ ብቻ ነው።